«ዕድሜ ነው» ተብሎ የሚታለፈው ስብራት



አንዲት አሮጊት እቤት ውስጥ ተንሸራተው ወደቁ ሲባል በየሰፈራችን የሚሰማው ቃል አንድ ነው፦ «ዕድሜ ነው፣ ምን ይደረጋል።» ወጌሻ ይጠራል፤ ቅቤ ይታሻል፤ ራጅ ከተነሡም «ቀላል ስንጥቅ ናት፣ ይረፉ» ተብለው ይመለሳሉ። ከዚያ በኋላ ያለው አልጋ ነው። እኛም በዚህ ጽሑፍ ማንሣት የፈለግነው ስለዚህ አልጋና ከአልጋው ሊያወጣ ስለሚችለው ሕክምና ነው።

የእናታችን ታላቅ እህት በ78 ዓመታቸው ለሱብሒ ውዱእ ሊያደርጉ ሲሄዱ ወደቁ። ከቁመታቸው በቀር የወደቁበት ከፍታ አልነበረም። ራጁ ከፊት በኩል፣ ከእምብርት በታች ባለው የዳሌ አጥንት ላይ ቀጭን ስንጥቅ አሳየ። እረፍትና የሕመም ማስታገሻ ታዘዘላቸው። አሥር ቀን ጠበቅን። ሕመሙ ግን የበረታው ከፊት ሳይሆን ከኋላ፣ ከወገባቸው በታች ነው። በጎን ሲገላበጡ እንኳ «ያ አላህ!» ይላሉ፤ መቆም የሚታሰብ አልነበረም። ወጌሻ ይምጣ ያሉ ጎረቤቶች ነበሩ። ወጌሻን ንቀን አይደለም፤ የወለቀ ትከሻ ሲመልስ አይተናል። ይህ አጥንት ግን ጥልቅ ነው፤ እጅ አይደርስበትም።

ነገሩን የገለጠልን ሲቲ ስካን ነው። ዳሌ ቀለበት ነው። የመስታወት አምባር በአንድ ቦታ ብቻ ተሰብሮ ያየ ሰው አለ? ከፊት የተሰነጠቀ ዳሌም ብዙ ጊዜ ከኋላ፣ የጀርባ አጥንት በሚያበቃበት ሦስት ማዕዘን አጥንት ላይ ሌላ ስንጥቅ ይኖረዋል። ይህኛውን ተራ ራጅ በቀላሉ ይስተዋል፤ አንጀትና በውስጡ ያለው አየር ይጋርደዋልና። በወጣት ላይ ዳሌ የሚሰበረው በመኪና አደጋ ወይም ከፎቅ በመውደቅ ነው። አጥንቱ በሳሳ አዛውንት ላይ ግን ትንሽ መንሸራተት ይበቃል፤ አንዳንዴ ጭራሽ ሳይወድቁም ይሰነጠቃል።

በጀርመን አገር በማይንዝ ከተማ ይሠሩ የነበሩት ሮመንስና ሆፍማን የተባሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ በ2013 ይህን ስብራት በአራት ደረጃ ከፍለው አሳትመዋል። አንደኛው ከፊት ብቻ የተሰነጠቀ ነው፤ ያለ ቀዶ ሕክምና ይታከማል። ሁለተኛው ከኋላም የተሰነጠቀ፣ ነገር ግን ከቦታው ያልተንቀሳቀሰ ነው፤ መጀመሪያ በማስታገሻና በእንቅስቃሴ ይሞከራል፤ ሕመምተኛው ከሕመም የተነሣ መቆም ካልቻለ ቀዶ ሕክምና ይታሰባል። ሦስተኛውና አራተኛው፣ በአንድ ወይም በሁለት ጎን ከቦታው የተንሸራተተው፣ አብዛኛውን ጊዜ ለቀዶ ሕክምና የሚታጭ ነው። የአክስታችን ሁለተኛው ነበር። ክርክራችንም የመጣው ከዚህ ነው፤ ግድ አይደለም፣ አላስፈላጊም አይደለም።

አጎታችን «በዚህ ዕድሜዋ ምን ቢላ ያስፈልጋታል? ለአላህ እንተዋት፣ አጠገቧ ቁርኣን ይቀራላት» አሉ። ቁርኣኑ ይቀራ ነበር፤ ማንም አልከለከለም። ነገር ግን ለአላህ መተው ማለት አልጋ ላይ መተው ነውን? ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መታከምን እንዳዘዙ ልጆች ሳለን መድረሳ ውስጥ የተማርነው ነው። «መቁረጥ የፈረንጅ ነገር ነው» ለሚሉም፣ ከሺህ ዓመት በፊት የአንደሉሱ አቡል ቃሲም አዝ-ዘህራዊ ሠላሳ ክፍል ካለው «አት-ተስሪፍ» ከተሰኘ መጽሐፋቸው የመጨረሻውን ክፍል ለቀዶ ሕክምና እንደሰጡ፣ በውስጡም ስለ ስብራትና ውልቃት በሰፊው እንደጻፉ ማስታወስ ይበቃል። አልጋ ደግሞ ገር ጠባቂ አይደለም። በአረጋዊ ሰው እግር ላይ ደም ያረጋል፤ የሳንባ ምች ያመጣል፤ ጀርባን ያቆስላል፤ ጡንቻን በጥቂት ሳምንታት ያቀልጣል።

አክስታችን ራሳቸው ሐኪሙን ጠየቁት። «ልጄ፣ ሱጁድ እወርዳለሁ?»

«እማማ፣ ለሱጁዱ ቃል አልገባልዎትም። ተነሥተው ይቆማሉ ብዬ ግን ተስፋ አደርጋለሁ።»

ብሎኑ በሳሳ አጥንት ውስጥ ሊላላ እንደሚችል፣ መመረዝም ሆነ ነርቭ መንካት እንዳለ ሳይሸሽግ ነገራቸው። ይህን ሐቀኝነቱን ወደድንለት። «በል እንግዲያው ቢስሚላህ» አሉ። የአጎታችን ዝምታ ሁለት ቀን ቆየ፤ በሦስተኛው ቀን ከመዋጮው የሚበልጠውን እርሳቸው ይዘው መጡ።

ልቡና ደሙ ተመረመረ። ሥራው እንደፈራነው ሆድ የሚከፍት አልነበረም። በሰመመን ተኝተው፣ በቀዶ ሕክምናው ክፍል ውስጥ በሚንቀሳቀስ ራጅ እየታየ፣ ከመቀመጫቸው ጎን በትንሽ ቀዳዳ ሁለት ረጃጅም ብሎኖች ወደ ኋላኛው አጥንት ገቡ። ወደ እግር የሚወርዱት ነርቮች የሚወጡባቸው ቀዳዳዎች እዚያው አጠገብ ስለሆኑ ሐኪሙ በየደቂቃው በምስል ያረጋግጣል። አጥንቱ እጅግ ለሳሳ ሰው ብሎኑ እንዲይዝ የአጥንት ሲሚንቶ የሚጨመርበት ጊዜም አለ።

ብዙ እህቶች በልባቸው የሚያሰላስሉት አንድ ነገር አለ፤ ወንድ ሐኪም ዐውራን ስለማየቱ። ዑለማእ እንዳስተማሩን ብቁ ሴት ሐኪም ካለች እርሷ ትቀደማለች፤ ከሌለች ለሕክምናው የሚያስፈልገውን ያህል፣ ከዚያ ሳያልፍ ይፈቀዳል። ይህን አስቀድመን ጠየቅን፤ ነርሶቹም የማያስፈልገውን ሁሉ ሸፍነው ጠበቁላቸው። መጠየቅ ነውር የለውም።

በማግስቱ በዎከር ተደግፈው ቆሙ። ጥቂት እርምጃ ብቻ ነበር፤ እያለቀሱ ነው የተራመዱት። ሦስት ወር ካለፈ በኋላ በምርኩዝ ብቻ ግቢውን ይዞሩ ጀመር። ሱጁዱ እስከ ዛሬ በወንበር ነው፤ መቆም ያልቻለ ተቀምጦ፣ መቀመጥ ያልቻለ በጎኑ እንዲሰግድ ዲናችን አግርቶልናልና።

ብሎኑ ግን አጥንቱን አያወፍርም። ብዙ ቤተሰብ ቀዶ ሕክምናው እንዳለቀ ሁሉ ነገር ያለቀ ይመስለዋል፤ የሳሳው አጥንት ግን እዚያው ነው። ለእርሳቸው ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ታዘዘ። ይህ ቫይታሚን በቆዳ ላይ በሚያርፍ ፀሐይ የሚሠራ ነው፤ ቤት ውስጥ የሚውሉ አዛውንት ይጎድላቸዋል። ሒጃብን የሚወቅስ አይጥፋ! አጥር ባለው ግቢ፣ ባዕድ በሌለበት፣ ክንድን ገልጦ ፀሐይ መሞቅ ማን ከለከለ? የውዱእ ቦታቸውንም አስተካከልን፤ ሻካራ ምንጣፍ ተነጠፈ፣ ግድግዳው ላይ የብረት መያዣ ተተከለ፣ ሌሊት መብራት አይጠፋም።

በሳምንት አንዴ የሚዋጥ አጥንት የሚያጠነክር ክኒንም አላቸው። በባዶ ሆድ በውሃ ተውጦ ግማሽ ሰዓት ምግብ ሳይቀምሱ፣ ሳይተኙም መቆየት ያስፈልጋል። ረመዳን ሲገባ ሐኪሙን ጠይቀን ከሱሑር ግማሽ ሰዓት ቀድመው እንዲውጡት አደረግን። በዚያ ግማሽ ሰዓት አክስታችን ወንበራቸው ላይ ቀና ብለው ዚክር ያደርጋሉ፤ ከዚያ ልጆቹን ለሱሑር የሚቀሰቅሱት እርሳቸው ናቸው።