ግጭ የማን ቅርስ ነበረች?

ከሳንቃበር ተነስቶ የጅንባርን ወንዝ ተሻግሮ ሽቅብ የወጣ ሰው ግጭን ያውቃታል። ያውቃት ነበር ልበል። ከገብስ በቀር እምብዛም እህል በማይበቅልበት በዚያ ብርዳም ሜዳ ዳር የሣር ክዳን ቤቶች፣ መስጊድና መቃብር ያላት መንደር ነበረች። አስጎብኚ ሆኜ ስሠራ እንግዶቼን ወደ እሜት ጎጎ ከመውሰዴ በፊት አንድ አዛውንት ቤት ጎራ ብለን ቡና እንጠጣ ነበር፤ ጭሱ ዓይናችንን እያቃጠለው።

የስሜን ፓርክ በ1962 ዓ.ም ሲከለል ግጭ ነበረች። በ1970 ዓ.ም በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብም ሰዎቿ እያረሱ ነበር። በ1989 ዓ.ም ፓርኩ አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ሲገባ ግን እርሻቸውና ከብታቸው ከችግሮቹ ተቆጠረ።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ሜዳው በከብትና በፈረስ ተግጦ መላጣ ሆኖ ነበር፤ በዓይኔ አይቻለሁ። በ2008 ዓ.ም ከ400 በላይ አባወራዎች ካሳ ተቀብለው ደባርቅ ገቡ። ጓሳው መልሶ በቀለ። በ2009 ዓ.ም ፓርኩ ከአደጋው ዝርዝር ወጣ። ያኔ እኔም አጨብጭቤያለሁ።

በ2011 ዓ.ም ፓርኩ ሲቃጠል አዛውንቱን ደባርቅ አገኘኋቸው። የእሳቱን ወሬ ስነግራቸው "ሣራችን ነደደ በለኛ" አሉ። ሣራችን! ከተነሱ ሦስት ዓመት ሊሞላቸው ነው እኮ።

ቅር የሚለኝ መነሳታቸው አይደለም። ዋልያው ተቆጠረ፣ ቀይ ቀበሮው ተቆጠረ። ውርጭ መቼ እንደሚወርድ፣ የትኛው ምንጭ በበጋ እንደማይደርቅ፣ የየገደሉን ስም የሚያውቁት ሰዎች እውቀት ግን ከቅርስ አልተቆጠረም። ደባርቅ የተወለደ የልጅ ልጅ ይህን ከየት ያመጣዋል? ሌላውን ልውቀስ እንጂ እኔስ? ያን ሁሉ ዓመት ቡናቸውን ስጠጣ አንድ መስመር አልጻፍኩም።

ባለፈው ቅዳሜ ስልኬን ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። "አባባ፣ የምንጮቹን ስም ይንገሩኝና ልቅረጽ" አልኳቸው። "ዛሬ ነው እንዴ ትዝ ያለህ?" ብለው ሳቁ። አምስቱን ሳይቸገሩ ጠሩልኝ። ስድስተኛው ጠፋባቸው። ዝም ብለው ቆዩና ባለቤታቸውን ተጣሩ። እሳቸውም ትንሽ አሰብ አድርገው ከጓዳ ሆነው ነገሩን።