ጃንደረባው እዚህ ምን ይሠራል?

ስሪ ፓዳ 2,243 ሜትር ነው። አዲስ አበባ ላደገ ሰው ቁጥሩ አያስደነግጥም፤ እንጦጦ ይበልጠዋል። ጉዱ ያለው ደረጃው ላይ ነው፦ ዳልሃውዚ ከሚባለው መንደር በኩል 5,500 ገደማ። ስሪላንካውያን ከዲሴምበር እስከ ሜይ ባለው የጉዞ ወቅት ሌሊት ይወጡታል፤ ጀምበር ስትወጣ ጫፍ ላይ ለመገኘት። እኔም ለሥራ ኮሎምቦ በሄድኩበት ወር፣ አንድ ቅዳሜ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ጀመርኩ።

ጫፉ ላይ ቋጥኝ አለ፤ ቋጥኙ ላይ የእግር ዱካ የሚመስል ጎድጓዳ ምልክት። ቡድሂስቶች የቡድሃ ነው ይላሉ። ሂንዱዎች የሺቫ። ሙስሊሞች የአደም፤ ኢብን ባቱታም በ14ኛው ክፍለ ዘመን ይህንኑ ሊያይ ወጥቷል። ፖርቱጋሎች ሲመጡ ደግሞ ከፊሎቹ የሐዋርያው ቶማስ ነው አሉ፣ ከፊሎቹ... የህንደኬ ጃንደረባ። የኛው! በጋዛ መንገድ ሠረገላው ላይ ኢሳይያስን ሲያነብ ፊልጶስ ያገኘው። አንድ ፋይል፣ አምስት ባለቤት። በእኛ ሙያ ቢሆን ሲስተሙ ገና ድሮ ይቆለፍ ነበር፤ እዚህ ግን ሁሉም በአንድ ደረጃ ይወጣሉ።

ቤተ ክርስቲያን መሄድ ካቆምኩ ሦስት ዓመቴ ነው። ከዚያ ወዲህ እኔና እማዬ ስለ ሃይማኖት አናወራም፤ ነገሩ ብቅ ካለ ሁለታችንም ወሬ እንቀይራለን። ከጉዞው በፊት ደውዬ ተራራ ልወጣ ነው ስላት ግን «ማን ነው ያለበት?» አለች። ለእሷ ተራራ ባዶውን አይቆምም፤ አናቱ ላይ ታቦት ይኖራል። ቡድሃን አቆይቼ በጃንደረባው ጀመርኩላት። ሳቀች።

«ይሄን ሁሉ ባሕር ምን ቆርጦት ተሻገረ?»

የፖርቱጋሎቹ ወሬ ማስረጃ የለውም፤ አልኳትም። ግድ አልሰጣትም። ስለ ባኮስ፣ ስለ ሠረገላው፣ ስለ ጥምቀቱ ካርዴ እስኪያልቅ ነገረችኝ። እኔም ወሬ አልቀየርኩም።

ጫፍ ላይ ጫማ ይወለቃል። ማንም ሳይነግረኝ አወለቅኩ፤ እግሬ ልማዱን አልረሳም። ዋናው ዱካ ተሸፍኗል፣ የሚታየው መሸፈኛው ነው። ፀሐይ ስትወጣ የተራራው ጥላ ባለ ሦስት ማዕዘን ሆኖ በምዕራብ በኩል ደመናው ላይ ተዘረጋ።

እዚያ ደወል አለ፤ ተራራውን በወጣህበት ቁጥር ልክ ትመታለህ። እኔ አንዴ መታሁ። ከኋላዬ የነበሩት አሮጊት የልጅ ልጃቸውን ክንድ እንደያዙ ጀመሩ። 14 ላይ ቆጠራው ተምታታብኝ፤ እሳቸው ግን ቀጠሉ።