ከናጋድ ወደ ለቡ፣ ከታች ወደ ላይ

ጅቡቲ፣ ናጋድ ጣቢያ ከባቡር ስወርድ የመጣሁበት መንገድ በላፕቶፔ ውስጥ ባለ አንድ ፋይል ተመዝግቦ ነበር፤ በየመስመሩ አንድ ጣቢያ፦ ለቡ፣ አዳማ፣ አዋሽ፣ ድሬዳዋ፣ ደወሌ፣ አሊ ሳቢህ፣ ናጋድ።

ማታ ሙቀቱ ጋብ ሲል ምኒልክ አደባባይ አጠገብ ሻይ አዝዤ ተቀመጥኩ። በየሱቁ ላይ ፈረንሳይኛው ከግራ ወደ ቀኝ፣ ዓረብኛው ከቀኝ ወደ ግራ ተጽፏል፤ ዓይን እየሄደ ይመለሳል። የእኔም ሐሳብ መመለሻዬ ላይ ነበርና ተርሚናል ከፍቼ ታክ የተባለችውን ትእዛዝ ጻፍኩ። ፋይሉን ከመጨረሻው መስመር ጀምራ ወደ ላይ አነበበችልኝ፤ ናጋድ ብላ ጀምራ ለቡ አደረሰችኝ።

ስሟም ከሥራዋ የወጣ ነው። ፋይልን እንዳለ የሚያሳየው የዩኒክስ ትእዛዝ ካት ይባላል፤ በላቲን ፊደል ከኋላ ሲነበብ ታክ ይሆናል። በእኛ ፊደልስ? በአንድ መስመር ውስጥ ያሉትን ሆሄያት ለምትገለብጠው ለሬቭ «ካት»ን ሰጠኋት። «ትካ» አለችኝ!

ልቤን የወሰደው ይህ ነው። ላቲኑ አናባቢውን ለብቻው ይጽፋል፤ ቃሉ ሲገለበጥ አናባቢው መሃል ላይ ይቀርና ከሁለቱም ንባብ ጋር ይስማማል። የእኛ ሆሄ ግን አናባቢውን በአካሉ ይዟል፤ «ካ» የትም ብትሄድ «ካ» ናት። የኮምፒውተሩ የፊደል መዝገብ ዩኒኮድም በ1999 እ.ኤ.አ. የግዕዝን ፊደል ሲያካትት ለእያንዳንዷ ሆሄ የራሷን ቁጥር ሰጥቷታል። በፈረንሳይኛው «ካፌ» መጨረሻ ያለችው ጭረት ግን ለብቻዋ ተመዝግባ ከሆነ፣ ቃሉ ሲገለበጥ ከፊደሏ ትነጠላለች። የዓረብኛ ፊደላትም እንደየቦታቸው መልካቸውን ስለሚለውጡ፣ ሲገለበጡ አያያዛቸው ሁሉ ይለወጣል።

አስተናጋጇ ፈገግታዬን አይታ፣ «ወንድሜ፣ ምን አግኝተህ ነው?» አለችኝ በአማርኛ።

«የትውልድ አገርሽን ንገሪኝ።»

«ድሬዳዋ።»

ጻፍኩላት፤ «ዋዳሬድ» ሆነ። በጣቷ እየነካች ቆጠረችና «አራቱም አሉ» አለች። አንዷም መንገድ ላይ አልቀረችም።

ከዚያ ብርጭቆዬን ውሃ ሞላችልኝ። ጅቡቲ ከኢትዮጵያ ምድር በቧንቧ የሚመጣ ውሃ ትጠጣለች። «ውሃው» ብዬ ጻፍኩና ለሬቭ ሰጠኋት። «ውሃው» ብላ መለሰችልኝ።

«ከዚያም ከዚህም ያው ነው» አለች ልጅቷ።