ዱላ አያያዝና ግስ

የቅኔ መምህር ስለ ጎልፍ ጨዋታ ሲጽፍ ያየ አንባቢ፣ ይህ ሰው የማያገባው ገብቶ ምን ያደርጋል ቢል አይፈረድበትም። እኔም ራሴ ባለፈው ዓመት በሐምሌ ወር የእኅቴ ልጅ በሕፃኑ ክርስትና እንድገኝለት ለምኖኝ፣ በአሜሪካ ኦሃዮ ከሚባለው ግዛት ወደ ኮሎምበስ ከተማ እስከ ሄድሁበት ቀን ድረስ፣ የዚህን ጨዋታ ስሙን እንጂ ግብሩን አላውቅም ነበር።

ጨዋታው ሲነገር ቀላል ነው። ከ46 ግራም የማትበልጥ ትንሽ ኳስ በዱላ እየመቱ፣ አፉ 108 ሚሊ ሜትር ብቻ ከሆነ ጉድጓድ ማግባት ነው። ጉድጓዶቹ 18 ናቸው፤ ሁሉንም በጥቂት ምት የጨረሰ ያሸንፋል። ጥንተ አገሩ ስኮትላንድ ሲሆን፣ በ1457 (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር እጽፋለሁ) የአገሩ ምክር ቤት፣ ሰዎች ቀስት መለማመድን ትተው በዚህ ስለ ተጠመዱ፣ ጨዋታውን በዐዋጅ ከልክሎ ነበር። ዐዋጁ እንዳልያዘ የኮሎምበስ ሜዳ ምስክር ነው።

የእኅቴ ልጅ ለልምምድ ወደ ተከለለው ሜዳ ይዞኝ ሄደ። በዚያ ኳሱ በባልዲ ተሰፍሮ ይሸጣል። እርሱም ከዱላዎቹ ሁሉ ረጅሙን፣ ራሱ እንደ ጡጫ የገዘፈውን መርጦ፣ ባለ በሌለ ኃይሉ መታ። ኳሲቱ በቅን ተነሥታ ሳለች ወደ ቀኝ ጠመመችና ከዛፎቹ መካከል ገባች። ሁለተኛዪቱም፣ ሦስተኛዪቱም እንዲሁ። ባልዲው ሲጋመስ ላቡን ጠረገና፣ «የኔታ፣ ጉልበት አነሰኝ መሰለኝ» አለኝ። ጉልበትስ እንዳላነሰው አየሁ፤ ነገር ግን ስለማላውቀው ነገር መፍረድ ፈርቼ ዝም አልሁ።

በማግሥቱ የሜዳው አሠልጣኝ የሆኑ አንድ ሽማግሌ ሲመታ ቆመው ተመለከቱት። ከዚያም አንዳች ሳይናገሩ ረጅሙን ዱላ ከእጁ ተቀብለው ከግድግዳ አስደገፉት፤ አጭሩን ሰጥተው፣ «እጅህን ዘርጋ» አሉት። ያን ቀን ኳስ አልተመታም። የግራው እጅ ዱላውን በመዳፉ ሳይሆን በጣቶቹ ሥር እንዲይዝ፣ የቀኙም ትንሽ ጣት በግራው ሌባ ጣት ላይ እንዲያርፍ፣ አጠባበቁም ጸሐፊ ብርዑን እንደሚይዝ ያህል እንዲሆን (ይህች ምሳሌ የእኔ ናት) ይዞ መልቀቅ፣ ለቆ መያዝ ሆነ። ቀጥሎ እግር በትከሻ ልክ ከፍቶ መቆም፣ ጉልበትን ጥቂት ማላላት፣ የዱላውን ፊት ወደ ዒላማው ማቅናት። የእኅቴ ልጅ ይህን ትምህርት ሲተረጕምልኝ «አቋቋም» ቢለኝ ሣቅሁ። እኛም አቋቋም የምንለው ትምህርት አለን፤ ዱላውንም መቋሚያ እንለዋለን፤ ተማሪውም ቁሙን ሳያጸና ወደ ዝማሜ፣ ዝማሜውንም ሳያጸና ወደ መረግድና ወደ ጽፋት አይሻገርም።

ሽማግሌው የነገሩትን ሒሳብ ግን አልሣቅሁበትም። ኳሲቱ በ3 ዲግሪ ብቻ ከመንገድዋ ብትዛነፍ፣ 200 ሜትር ከሄደች በኋላ ከ10 ሜትር በላይ ርቃ ትወድቃለች። ከእጅ ዘንድ ዐይን የማያየው ስሕተት ከዛፉ ዘንድ ሲደርስ ለሁሉ ይታያል። ጨምረውም፣ አንድ ጐበዝ ተጫዋች 72 ምት እንዲፈጅ በተመደበለት ሜዳ ላይ 36ቱ ምት ከጉድጓዱ አጠገብ ኳሷን ቀስ አድርጎ ለማንከባለል የተቈጠረ ነው፤ የአንድ እርምጃ ምትና የ250 ሜትር ምት በቍጥር እኩል ናቸው፤ ይሁን እንጂ ወደ ሜዳው የሚመጣ ሁሉ ረጅሙን ሊመታ ይመጣል፣ ብለው አዘኑ።

ያች ከተማ ጃክ ኒክላውስ የሚባለው ዝነኛ ተጫዋች የተወለደባት ናት። ይህ ሰው በ1950 የ10 ዓመት ልጅ ሳለ፣ ጃክ ግራውት ከሚባሉ መምህር ዘንድ ገባ። መምህሩ ልጁ ሲመታ ራሱን እንዳያንቀሳቅስ ረዳታቸውን ፀጉሩን አስይዘው ያስመቱት ነበር፤ ይህን ስሰማ የፊደል መምህሬ ትዝ አሉኝ። ኒክላውስ ከ1962 እስከ 1986 ድረስ ከታላላቆቹ ውድድሮች 18ቱን አሸነፈ፤ የመጨረሻውን ሲያሸንፍ ዕድሜው 46 ነበር። እኔን ያስደነቀኝ ግን ድሉ አይደለም። ይህ ሰው የዓለም አንደኛ ከተባለ በኋላም እንኳ፣ በየዓመቱ የውድድሩ ወራት ሊጀምር ሲል ወደ ግራውት ተመልሶ፣ ምንም እንደማያውቅ ጀማሪ ከዱላ አያያዝና ከአቋቋም ጀምሮ ይማር ነበር። መምህሩ በ1989 እስኪሞቱ ድረስ ወዳጅነታቸው አልተቋረጠም።

ይህን በሰማሁባት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ምክንያቱን ለመናገር ሁለት ነገር መናዘዝ አለብኝ።

በቅኔ ቤት ሳለሁ ምሥጢር ቶሎ ይመጣልኝ ነበር። ሰሙንና ወርቁን ለማስማማት አልቸገርም፤ በጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ጥቂት ሰንብቼ፣ ባልንጀሮቼ ዘአምላኪየ ሲቈጥሩ እኔ ስለ መወድስ አስብ ነበር። ግስ ማውረድ ግን ይሰለቸኛል። ቅኔ እኮ ሁልጊዜ አዲስ ነው፤ አንድ ጊዜ የተባለው አይደገምም፤ ታዲያ ከቀተለና ከቀደሰ ጀምሮ በየማለዳው የታወቀውን መድገም ምን ይረባል፣ እል ነበር። አንድ በዓል ቀን በሊቃውንት ፊት ሥላሴ ተሰጠኝ። «ሥራውን ይፈጽማል» ለማለት «ይፌጽም» ማለት ሲገባኝ፣ አማርኛው አሳስቶኝ «ይፈጽም» አልሁ። ፈጸመ በቀደሰ ቤት የሚሄድ ግስ መሆኑን ሰምቼዋለሁ፤ አፌ ግን አልለመደውም። የትንቢቱ አንቀጽ ወደ ትእዛዝ ተለወጠ፤ ወርቁም ተበላሸ። አንድ ሽማግሌ መሪጌታ ወደ ጎረቤታቸው ዘንበል ብለው፣ «ልጁ ለመነ እንጂ አልተናገረም» አሉ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር፤ ሁሉም ሰማ። መምህሬ አልተቈጡኝም፤ በማግሥቱ ግን ከመጡ ገና ወር ካልሞላቸው ሕፃናት ጋራ አስቀምጠው ግስ አስጀመሩኝ። ያን ጊዜ አፍሬ አለቀስሁ። በኋላ እንደ ተረዳሁት፣ ቅኔው በየቀኑ አዲስ ስለሚሆን ነው ግሱ ያረጀና የታሸ መሆን ያለበት፤ ባለ ጎልፉም ኳሲቱ ዛሬ በሣር፣ ነገ በአሸዋ፣ ከነገ ወዲያ በተዳፋት ላይ ስለምታርፍለት ነው እጁን አንድ ዓይነት የሚያደርገው።

ሁለተኛው ኑዛዜ ይብሳል። ራሴ መምህር ከሆንሁ በኋላ፣ አንድ ደቀ መዝሙሬ ድምፁ ያማረ፣ አሳቡም ፈጣን ነበርና፣ ግሱን በወጉ ሳያወርድ መወድስ አስቈጠርሁት። አንድ የገጠር ደብር መምህር አጥቶ ይለምነኝ ስለ ነበረ፣ ይበቃሃል ብዬ ሰደድሁት። ወደ አሜሪካ ከመሄዴ በፊት በግንቦት ወር ስልክ ደወለና፣ «የኔታ፣ አንድ ልጅ የግስ እርባታ ጠየቀኝ፤ አላወቅሁትም። አላውቅም ማለት ስላፈርሁ ተቈጥቼ አስቀመጥሁት» አለኝ። እኔም፣ «በርታ፤ በሥራ ላይ ትለምደዋለህ» ብዬ ዘጋሁ። ኮሎምበስ ላይ፣ ረጅሙ ዱላ ከግድግዳ ተደግፎ ባየሁት ጊዜ፣ ያ የተቈጣው ሕፃን ፊቱን ሳላውቀው መጣብኝ። ቍጣውን ያስተማርሁት እኔ ነኝና።

ወደ አገሬ እንደ ተመለስሁ ደቀ መዝሙሬን አስጠራሁት። መምህር የተባለን ሰው ተመልሰህ ከሕፃናት ጋራ ተቀመጥ ማለት ቀላል አይደለም፤ ሦስት ቀን ቃሉን ስፈልግ ሰነበትሁ። በመጨረሻ፣ «አንተ ብቻ አይደለህም፤ እኔም እቀመጣለሁ» አልሁት። በጥቅምት መጣ። ደብሩን በወር ሁለት ሳምንት ለሌላ ሰው አደራ እየሰጠ ይመላለሳል። መጀመሪያ ሕፃናቱ ሁለታችንን እያዩ ይሣቁ ነበር፤ አሁን ለምደውናል፤ እንዲያውም ስንሳሳት ለማረም ይሽቀዳደማሉ። እኔም ጠንቅቄ አውቃቸዋለሁ ካልኋቸው ግሶች መካከል ስንቶቹ በአፌ ላይ እንደ ዛጉ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

የእኅቴ ልጅ ባለፈው እሑድ ደውሎ ነበር። ሽማግሌው አሠልጣኝ ረጅሙን ዱላ እስከ ዛሬ አልመለሱለትም፤ በአጭሩ ግን ኳሲቱ 40 እርምጃ ያህል በቅን ሄዳ የምትወድቅበትን ስፍራ አስቀድሞ መናገር ጀምሯል። «አሁን እርስዎስ ምን ላይ ነዎት?» ቢለኝ፣ ነገ ማለዳ ተራው የፈጸመ ነው፤ የሚያወርደውም እኔ ነኝ፣ አልሁት።