ሲበላሽ ማን ጋ ትሄዳለህ?

ጥር የሠርግ ወር ነው። ለሠርግ ቪዲዮ ኤዲተር ጥር ማለት ለገበሬ የመኸር ወር እንደማለት ነው። ያን ጊዜ ያልሰበሰበ ዓመቱን በብድር ይገፋል።

መገናኛ አካባቢ ጠባብ ክፍል ተከራይቶ የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር አንድ ወጣት አለ። ባለፈው ጥር የሁለት ሠርግ ቀረጻ ኮምፒውተሩ ላይ ገልብጦ ሥራ እንደጀመረ መብራት ጠፋ። መጥፋቱ አዲስ አይደለም። ሲመለስ ግን ከኮምፒውተሩ ጀርባ «ጧ!» የሚል ድምፅ ወጣ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ፣ ከዚያ ዝም አለ።

ኮምፒውተሩ ያገለገለ፣ ከውጭ አገር ቢሮዎች ተለቅመው ከሚመጡት ቀጫጭን «ብራንዶች» አንዱ ነበር። የተቃጠለው ፓወር ሰፕላዩ ብቻ ነው። በየሱቁ የሚገኝ ዕቃ ይመስላል፤ አይደለም። የብዙዎቹ ቀጫጭን የቢሮ ኮምፒውተሮች ፓወር ሰፕላይ ቅርጹም መሰኪያውም ለዚያው ሞዴል ተብሎ የተሠራ ነው። ገበያ ላይ የሞላው መደበኛው ፓወር ሰፕላይ ኬዙ ውስጥ አይገባም፤ ቢገባም ከማዘርቦርዱ ጋር አይገናኝም። ልጁ ሦስት ቀን ከሱቅ ሱቅ ዞረ። «ያው ሞዴል የሞተ ሲመጣልን እንደውልልሃለን» አሉት።

በአራተኛው ቀን የአንዷ ሙሽራ እናት ደወሉ። «ልጄ፣ ውጭ ያሉት ዘመዶቻችን ቪዲዮውን እየጠየቁ ነው፤ ምን ልበላቸው?» የሚመልሰው አልነበረውም። ሃርድ ዲስኩን ነቅሎ ጓደኛው ቤት ሄደ፤ ጓደኛው ሲተኛ እየተቀመጠ፣ ሲነሳ እየተነሳ ሁለቱን ሠርግ በሌሊት ጨረሰ።

በየካቲት ዕቁብ ደረሰው። ክርክሩም ያን ጊዜ ተጀመረ፦ የተዘጋጀ ይግዛ ወይስ ራሱ ይገጣጥም?

በመሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ዕድሜያቸውን የጨረሱት አጎቱ «ብራንድ ግዛ! ክሎን የሰነፍ ሱቅ ዕቃ ነው። ዕቃ የሚገዛው ከነጋራንቲው ነው» አሉ። ጓደኛው ደግሞ «ገጣጥም፤ በዚያው ብር እጥፍ ጉልበት ታገኛለህ» አለው። ሁለቱም ግማሽ እውነት ይዘዋል።

ከአጎትየው እንጀምር። ጋራንቲ ጥሩ ነገር ነው። ያገለገለ ዕቃ ላይ ግን የብዙ ሱቅ ጋራንቲ የሻጩ ቃል ነው፤ ቢበዛ ማህተም ያለባት ቁራጭ ወረቀት። ፓወር ሰፕላይ ሲቃጠል ደግሞ ሻጩ የሚላት አንድ ቃል አለች፦ «መብራት ነው»። መብራትን የሚከስ የለም።

ጓደኛውም ቢሆን ሂሳቡን ከዩቲዩብ ነው ያመጣው። የውጮቹ ገጣጣሚዎች ዕቃውን በፋብሪካ ዋጋ አካባቢ ያገኛሉ፤ አልሠራ ያለውንም ይመልሳሉ። እዚህ ዕቃው ጥቂት በጥቂት ነው የሚገባው፤ በየእጁ ይጨመርበታል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አልፏል። ከ2018 መግቢያ ወዲህ ደግሞ የራም ዋጋ በዓለም ገበያ ተወርውሯል፤ አምራቾች ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የመረጃ ማዕከላት መሸጡ አዋጥቷቸዋል። ቢሮዎች በጅምላ የሚጥሏቸው ኮምፒውተሮች ግን ራሙንም ዲስኩንም ይዘው ነው የሚመጡት። ስለዚህ ገንዘቡ ትንሽ ለሆነ ሰው፣ ለጽሑፍና ለሂሳብ ሥራ፣ መገጣጠም አያዋጣም።

ልጁ ግን ቪዲዮ ነው የሚሠራው። ገጣጠመ። ሜሪላንድ ያለች የአክስቱ ልጅ ፕሮሰሰሩን በመንገደኛ ሻንጣ ላከችለት፤ የቀረውን እዚሁ ገዛ። ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ማብሪያውን ተጫነ። ማራገቢያዎቹ ዞሩ፤ ስክሪኑ ጥቁር።

ራሙን ነቅሎ «ቀጭ» እስኪል መልሶ ሰካ። ለፕሮሰሰሩ ለብቻው የሚሰካውን የኃይል ገመድ አየ። ሁሉም ቦታው ነው። ሜሪላንድ ደውሎ «ተበላሽቶ ነው የመጣው» ሊል ሲል ቆም አለ፤ የመለሰው ዕቃ ውቅያኖስ ሊሻገር ነው። በማግስቱ ማዘርቦርዱን የሸጠለት ሱቅ ያለው ቴክኒሻን ችግሩን በአንድ እይታ አወቀው፦ ፕሮሰሰሩ አዲስ ነው፣ የማዘርቦርዱ ባዮስ አሮጌ ነው፤ አይተዋወቁም። በፍላሽ አዲስ ባዮስ ጫነለት። የሻይ እንኳ አልተቀበለም።

ያ ጠዋት ልጁን ያስተማረው ከዋጋ የበለጠ ነው። የብራንድና የክሎን ክርክር ዕቃው ጤነኛ ሆኖ ሳለ የሚደረግ ክርክር ነው። እንጀራው ከኮምፒውተር ለሆነ ሰው ዋናው ጥያቄ የሚመጣው ዕቃው የታመመ ቀን ነው፤ ሲበላሽ ማን ጋ ትሄዳለህ? መለዋወጫውስ በአንድ ቀን ይገኛል?

በዚህ ጥያቄ ብንመዝነው ምርጫው ይቀላል። የምትከፍቱት እናንተ ካልሆናችሁ፣ የሚከፍትላችሁም ሰው ከሌለ፣ የተዘጋጀውን ግዙ። ብቻ ቀጭኑን ትታችሁ ሰፊ ኬዝ ያለውን፣ መደበኛ ፓወር ሰፕላይ የሚቀበለውን ምረጡ፤ ከመክፈላችሁ በፊት ጎኑን አስከፍታችሁ እዩ። ኢንቴል ከሆነ ትውልዱን ጠይቁ፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል፣ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ባጠቃላይ ከስምንተኛው ትውልድ በታች ያሉትን አይቀበልም። ከኋላው 115 እና 230 የሚል ቀይ ማዞሪያ ካለው፣ 230 ላይ መሆኑን ሳታዩ አትሰኩ፤ ከአሜሪካ የመጣ ስንቱ የተቃጠለው በዚያች ማዞሪያ ነው።

የምትገጣጥሙ ከሆነ ደግሞ በፓወር ሰፕላይና በዩፒኤስ አትሰስቱ። ብዙ ሰው ብሩን ግራፊክስ ካርድ ላይ ጨርሶ የተረፈችውን ለፓወር ሰፕላይ ይሰጣል። የእኛ አገር መብራት ግን መጀመሪያ የሚያንኳኳው ያንን በር ነው። ማዘርቦርድና ፕሮሰሰሩንም ከአንድ ሱቅ ግዙ፤ ባይግባቡ የሚሸመግላቸው አንድ ሰው ይኑር።

ልጁ ከፋሲካ በኋላ የነበሩትን ሠርጎች በአዲሱ ኮምፒውተር ሠራ። መብራት ሲጠፋ ከጠረጴዛው ሥር ዩፒኤሱ ይጮሃል፤ እሱ ሥራውን አስቀምጦ በእርጋታ ያጠፋል። የተቃጠለው ቀጭን ብራንድ አሁንም ጥግ ላይ አለ። ሱቆቹ እስከ ዛሬ አልደወሉም።