“ሲፒዩ” የምንለው ሳጥን ቦንጋ ሲገባ

መቼስ ስሙን ከማስተካከል እንጀምር። ቦንጋም ሆነ አዲስ አበባ፣ ቢሮም ሆነ ፎቶ ኮፒ ቤት፣ ጠረጴዛ ሥር የሚቀመጠውን የኮምፒውተር ሳጥን ሰው ሁሉ “ሲፒዩ” ነው የሚለው። እውነተኛው ሲፒዩ ግን ከክብሪት ቀፎ ያነሰ፣ እዚያው ሳጥን ውስጥ ማዘርቦርዱ ላይ ቁጭ ያለ ፕሮሰሰር ነው። ሳጥኑ ኬዝ ይባላል። ይህን የምንለው ለማስተማር አይደለም። እኛም “ሳጥን ሳጥን ነው፣ ዋናው ውስጡ” ብለን ንቀነው ዋጋችንን ስላገኘን ነው።

እኛ ማለት ሦስት ነን፤ ሁለት ወንድማማቾችና አንዲት ታናሽ እህት፣ ቦንጋ ውስጥ በአንድ ኪራይ ቤት የምንኖር። እህታችን ያኔ የሲቪል ምህንድስና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበረች። የመመረቂያ ሥራዋን የምትሥልበት ፕሮግራም አሮጌው ላፕቶፓችን ላይ እስኪከፈት አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ይደርሳል። ወንዶቹ ደግሞ የሠርግ ቪዲዮ እናቀናብራለን። ከተማዋ በ2014 ዓ.ም የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ከሆነች ወዲህ ሰውም ሠርግም በዝቶልናል፤ የጠፋው ሥራውን የሚችል ማሽን ነበር።

ብሩ የቡና ብር ነው። አባታችን ጊምቦ ወረዳ ቡና አላቸው። በጥር ከሸጡት ላይ ቆጥረው ሰጡንና “የዓመት ነው” አሉ። ሌላ አንድ ቃል አልጨመሩም። ባይናገሩ ይሻል ነበር የሚያሰኝ ዓይነት አነጋገር ታውቃላችሁ አይደል?

እናላችሁ፣ ትልቁ ወንድማችን አዲስ አበባ ሄደ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪው በገበያ ዋጋ ይወሰን ከተባለ ወዲህ የኮምፒውተር ዕቃ ዋጋ መጠየቅ ራሱ ድፍረት ይፈልጋል። ራይዘን 5 5600ጂ ገዛን፤ ግራፊክሱ አብሮት ስላለ ለብቻው ካርድ አያስፈልገውም። ማይክሮ ኤቲኤክስ ማዘርቦርድ፣ 16 ጊጋ ራም፣ አንድ ኤስኤስዲ ጨመርን። ይህ ሁሉ ሲደመር ለሳጥኑ 6,500 ብር ብቻ ቀረች፤ ያውም ከነፓወር ሰፕላዩ።

በቴሌግራም ስብሰባ ተቀመጥን። አንዱ ሐሳብ “ለምን አናጢ አይሠራልንም? እንጨት ሞልቶ!” የሚል ነበር። ደስ ይላል፣ ግን እንጨት በካፋ ዝናብ ያብጣል፤ ደግሞም ብረቱ ከመሬት ሽቦ ጋር ተገናኝቶ የሚሰጠውን ጥበቃ አይሰጥም። ሁለተኛው ሐሳብ አሮጌ የዴል ኦፕቲፕሌክስ ቀፎ በርካሽ መግዛት ነበር። እሱም አልሆነም። ኢንቴል በ1995 እ.ኤ.አ. ኤቲኤክስ የሚባለውን ልክ ካወጣ ወዲህ የአንዱ ፋብሪካ ቦርድ የሌላው ሳጥን ውስጥ እንዲገባ የብሎን ቀዳዳዎቹ ቦታ ታውቋል፤ የኦፕቲፕሌክስ ቀፎዎች ግን አብዛኞቹ በራሳቸው ልክ ስለሚሠሩ የእኛን ቦርድ አይቀበሉም።

የቀሩት ሁለት ነበሩ። አንደኛው ጥቁር፣ ፊቱ ወንፊት የመሰለ፣ መብራት የሌለው፣ ስታዩት የጎረቤት ጀነሬተር የሚያስታውስ። ሁለተኛው ፊቱም ጎኑም መስታወት፣ ሦስት ባለ ቀለም መብራት ማራገቢያ ያለው፣ “500 ዋት” የሚል ፓወር ሰፕላይ የተመረቀለት። ዋጋቸው እኩል ነው፤ ወንፊቱ ግን ከነባዶው። ድምፅ ሰጠን። ሁለት ለአንድ መስታወቱ አሸነፈ። ለወንፊቱ ድምፅ የሰጠችው ማን እንደሆነች መናገር ያሳፍረናል፤ መሐንዲሷ ናት።

ከአዲስ አበባ በጅማ በኩል ቦንጋ ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ጅማ ላይ መኪና ሲቀየር ረዳቱ “ጣራ ላይ እንጫነው” አለ። ወንድማችን መስታወቱን አስቦ እንቢ አለና ሳጥኑን ታቅፎ ጎጀብን ተሻገረ። ሕፃን የታቀፈ መስሏቸው ቦታ የለቀቁለት ሰዎች ነበሩ አሉ። (እሱ ነው ያለው፣ እኛ የለንበትም።)

መግጠም ጀመርን። ርካሽ ሳጥን የሚታወቀው በጠርዙ ነው። ጥሩው ሳጥን የላሜራው ጠርዝ ታጥፎ የተሠራ ነው፤ የእኛው እንደተቆረጠ የቀረ ስለሆነ ገና ከመክፈታችን የአንዳችንን ጣት ለቀቀው። ላሜራው ደግሞ በጣት ሲጫኑት እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ ኳ ይላል። ማዘርቦርዱ ከብረቱ እንዳይነካካ ከፍ አድርገው የሚያቆሙት ትንንሽ የነሐስ እግሮች አሉ፤ ከሚያስፈልጉት ሁለቱ ከረጢቱ ውስጥ አልነበሩም። “በሌላ ብሎን እንሙላው” የሚል ሐሳብ ቀረበ። እዚህ ላይ እህታችን ልክ ነበረች፦ ቀዳዳው ያለ እግር ቢቀር ቦርዱ ትንሽ ይለጠጣል እንጂ ምንም አይሆንም፤ ያለ ቦታው የገባ ብረት ግን ቦርዱን ከሥር ነክቶ ያቃጥላል። ተውነው።

ምሽት ሁለት ሰዓት ላይ ሰካነው። እህታችን ሥራዋን ልታስገባ አሥራ አንድ ቀን ቀርቷታል።

ጧ!

መብራቱም ጠፋ፣ እኛም ጠፋን። ከሳጥኑ በስተኋላ ቀጭን ጭስ ወጣ፤ የተቃጠለ ፕላስቲክና የአሣ ሽታ የተቀላቀለበት። ለረጅም ጊዜ ማንም አልተናገረም። እያንዳንዳችን በጭንቅላታችን የምንቆጥረው ያንኑ ነበር፤ ስንት ፈረሱላ ቡና ነደደ?

ነገሩ እንዲህ ነው። ርካሽ ፓወር ሰፕላዮች ጀርባ ላይ ቀይ ትንሽ ተንሸራታች ማብሪያ አለች፤ አንድ በኩል 115፣ ሌላ በኩል 230 ይላል። የእኛ ሀገር መብራት 220 ቮልት ስለሆነ 230 ላይ መሆን አለባት። የእኛዋ 115 ላይ ነበረች። ከሱቅ እንደዚያው ወጥታ ይሁን መንገድ ላይ ተንሸራታ፣ እግዜር ይወቀው፤ ሻጩ አልነገረንም፣ እኛም አላየንም። 115 ላይ ስትሆን ዕቃው ደካማ መብራት የመጣለት መስሎት የገባውን እጥፍ ያደርጋል። የእኛ 220 ወደ ቀጥታ ኤሌክትሪክ ሲለወጥ ወደ 310 ቮልት ይሆናል፤ እጥፉ 620 አካባቢ ነው። ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች ለዚህ አልተሠሩም፤ ፈነዱ። ውድ የሆኑት አብዛኞቹ ይቺ ቀይ ማብሪያ የላቸውም፤ የሚመጣውን ራሳቸው ለይተው ይቀበላሉ።

የሞተውን ከፍተን ስናየው ደግሞ ሌላ ጉድ ወጣ። ጎኑ ላይ “500 ዋት” ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። ከሥሩ ባለው ሠንጠረዥ ግን 12 ቮልቱ የሚሰጠው 18 አምፔር ነው። 12 በ18 ሲባዛ 216 ዋት። የዛሬ ኮምፒውተር ዋናውን ጉልበት የሚወስደው ከዚሁ መስመር ነው። ለእኛ ባለ 65 ዋት ፕሮሰሰር 216ቱም ይበቃ ነበር፤ ግን 216 የሆነ ሰው ለምን 500 ነኝ ይላል? ስለዚህ ወዳጆቻችን፣ ፓወር ሰፕላይ ስትገዙ ትልቁን ቁጥር ተዉትና ሠንጠረዡን አባዙ። ሚዛኑንም በእጃችሁ ያዙት፤ የእኛው ከቂጣ ቢቀል ነው።

በማግስቱ አንዳችን ጅማ ወርደን ደህና ፓወር ሰፕላይ ለብቻው ገዛን፤ የሁለት ሠርግ ቀብድ ሄደበት። ስንሰካው ሦስታችንም በር ላይ ቆመን በእንጨት ነው ማብሪያውን የነካነው። ተነሳ! ቦርዱም፣ ፕሮሰሰሩም፣ ኤስኤስዲውም ደህና ነበሩ። የፈነዳው ሁሉ እዚያችው ቆርቆሮ ውስጥ ፈንድቶ ቀርቷል።

ደስታው ግማሽ ቀን ቆየ። የመጀመሪያውን ቪዲዮ ስናወጣ የፕሮሰሰሩ ሙቀት 94 ዲግሪ ደረሰ። ይህ ፕሮሰሰር 95 ላይ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን የሚቀንስ ስለሆነ፣ በአርባ ደቂቃ ያልቃል ያልነው ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ። ሦስቱ ማራገቢያዎች እንደ ሠርግ አዳራሽ ያበራሉ፣ ነፋስ ግን የለም። መስታወቱና ማራገቢያዎቹ መካከል ጠባብ ክፍተት ነው ያለው፤ አየር የሚገባው በዚያችው ጎን ባለች ስንጥቅ ነው። ለነገሩ ቦንጋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሯ ከባሕር ዳርቻው አየር በ15 በመቶ አካባቢ ይሳሳል። ማራገቢያው ያንኑ ያህል ቢሽከረከርም ተሸክሞ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። ፋብሪካው ሳጥኑን ሲሠራ ካፋን አላሰበም፤ አይፈረድበትም።

ቅዳሜ አባታችን ለገበያ መጡ። ፍንዳታውን አልነገርናቸውም ነበር (እስከ ዛሬም አልነገርናቸውም፤ ይህን እንደማያነቡ ተስፋ እናደርጋለን)። መብራቱን አዩ፣ መስታወቱን በጣታቸው መታ መታ አደረጉ፣ ከዚያ ጎንበስ ብለው ሥሩን ዳሰሱ። “በየት ነው የሚተነፍሰው?” አሉን። እኛ ዝም።

“ቡና መሬት ላይ ስታሰጡት ምን ይሆናል?”

“ይሻግታል።”

“አልጋ ላይስ?”

ቡና በሽቦ አልጋ ላይ የሚሰጣው ከሥርም ከላይም ነፋስ እንዲያገኘው መሆኑን ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቃለን፤ አልጋውን ያቆምነውም እኛው ነን። ሳጥኑን ግን ሲሚንቶ ወለል ላይ፣ ከግድግዳው አስጠግተን፣ ፊቱን ዘግተን ነበር ያስቀመጥነው። ፓወር ሰፕላዩ አየር የሚስበው ከሥር ነው፤ የሳጥኑ እግር ደግሞ ከጣት ውፍረት አይበልጥም።

እሳቸው ገበያ ሲሄዱ መስታወቱን ከፊት ነቀልነው። ሙቀቱ ያንኑ ቪዲዮ ስንሠራ ከ94 ወደ 79 ወረደ። አንድ ብር አላወጣንም። በመስታወቱ ቦታ ከአሮጌ አጎበር የቆረጥነውን ጨርቅ ወጥረን አሰርን፤ አቧራና ነፍሳት ያስቀራል፣ ነፋስ ያሳልፋል፣ በየሁለት ሳምንቱ ታጥቦ ይመለሳል። ከፊት በሦስት ማራገቢያ አስገብተን ከኋላ በአንድ ነው የምናስወጣው። የሚገባው ከሚወጣው ሲበልጥ አቧራው በየስንጥቁ ሳይሆን በአጎበሩ በኩል ብቻ እንዲሞክር ይገደዳል። ሳጥኑን ደግሞ አናጢው በሠራው የእንጨት ቆጥ ላይ፣ ከግድግዳ አንድ ክንድ አርቀን ሰቀልነው። (አናጢውን ለዚህ ነበር መጥራት የነበረብን።)

አንድ ነገር ቀረ። ሳጥኑን በባዶ እግራችን ስንነካው ንዝር ያደርገናል። መጀመሪያ የፈራነው ፓወር ሰፕላዩን ነበር፤ ጥፋቱ ግን የቤቱ ነው። ሶኬቱ ኧርዝ የሚባለው የመሬት ሽቦ የለውም። ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ያለው ማጣሪያ ጥቂት ኤሌክትሪክ ወደ ሳጥኑ ብረት ያሳልፋል፤ በመሬት ሽቦ መውጣት ሲያቅተው ብረቱ ላይ የመብራቱ ግማሽ፣ 110 ቮልት አካባቢ፣ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ጉልበቱ በጣም ትንሽ ስለሆነ የሚነዝር እንጂ የሚገድል አይደለም፤ ፍላሽ ወይም ስክሪን ሲሰካ ግን ዕቃ ሊጎዳ ይችላል። መብራት ሠራተኛ ጠርተን የመሬት ዘንግ አስቀበርን። የቤቱ ባለቤት እትዬ ግቢያቸው ሲቆፈር አይተው “ቀብር ነው እንዴ?” አሉ። እኛማ ልንቀበር ለትንሽ ነበር።

ክረምቱ ሲገባ የፈራነው እርጥበቱን ነበር። እዚህ ዝናቡ ወራት ሙሉ ነው፤ ቁም ሣጥን ውስጥ ጫማ የሚሻግትበት አገር ነው። ማሽኑን ባንሠራበትም በየቀኑ እናበራዋለን፤ የራሱ ሙቀት ያደርቀዋል። ከጫማ ካርቶን የምትገኘውን እርጥበት የምትመጥ ትንሽ ከረጢትም ጥቂት ሰብስበን ከሥሩ አስቀምጠናል። እስካሁን ዝገት ያየነው በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ጣታችንን በቆረጠው በዚያው ጠርዝ ላይ። ቀለም አይነካውም ነበርና።

እና ሳጥኑ ያዋጣል ወይ? የተመረቀልንን ፓወር ሰፕላይ ብሎም ያቃጠለንን ቀብድ ስንደምር ውድ ሳጥን ገዝተናል፤ ወንፊቱን ከደህና ፓወር ሰፕላይ ጋር ብንገዛው ኖሮ በዚያው ዋጋ እንጨርሰው ነበር። ቆርቆሮው ራሱ ግን መጥፎ አይደለም። ፊቱ ተነቅሎ፣ ጠርዙ በሞረድ ተስተካክሎ፣ አጎበር ለብሶ ይኸው ሠርግ ያወጣል። ባለ ቀለም መብራቱን ሌሊት ሥራ ሲሆን እናጠፋዋለን፤ ቢራቢሮ ይሰበስባል።

እህታችን ሥራዋን ሁለት ቀን ሲቀራት አስገባች፤ ተመርቃለችም። የመጨረሻውን ሥዕል ያወጣችው መስታወቱ በተነቀለ ማግስት ነበር፤ ያን ሌሊት ሙሉ “ወንፊቱን ብያችሁ ነበር” ስትል አደረች። እስከ አሁንም አልተወችም።

መስታወቱን እናታችን ልትጠይቀን ስትመጣ አየችውና ወሰደችው። ጊምቦ፣ ሳሎኑ መሐል፣ ሲኒ ደርድራበታለች።