ጂኦኖሲስ፤ ለሌሎች ጦር ስትሠራ የጠፋች የበረሓ ዓለም

ውድ አንባቢ፤ ዛሬ የምንወስድዎ በምንም ዓይነት አውሮፕላን ወደማይደረስበት አገር ነው። ለዚህ ጉዞ ፓስፖርትም ቪዛም አያስፈልግዎትም፤ የሚበቃዎት የሲኒማ ቤት ትኬት፥ ወይም እንደ ዛሬው ልማድ በኪስ የሚያዝ ስልክ ብቻ ነው። የምንጎበኛት ዓለም ጂኦኖሲስ ትባላለች። አሜሪካዊው የፊልም አዘጋጅ ጆርጅ ሉካስ «ስታር ዋርስ» ለተባለው ተከታታይ ፊልሙ የፈጠራት ስትሆን፥ ለሕዝብ የታየችው በ2002 በወጣው «የክሎኖች ጥቃት» በተሰኘው ክፍል ነው። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጽፋለን። የፈጠራ ዓለም ናት ብለው ግን አይናቋት፤ ታሪኳን እስከ መጨረሻው ሲሰሙ እኛ ከምንኖርባት ምድር ታሪክ ብዙ የማይርቅ ሆኖ ያገኙታል።

በመጀመሪያ አገሩን እንይ። ጂኦኖሲስ በጋላክሲው ዳርቻ ካሉት ዓለማት አንዷ ናት። ታቱዊን ከተባለችው ሌላ የበረሓ ዓለም የሚለያት ርቀት ከአንድ ፓርሴክ ያነሰ ነው። አንድ ፓርሴክ ብርሃን በሦስት ዓመት ከሩብ ገደማ የሚጓዘው መንገድ ስለሆነ፥ በከዋክብት ልኬት ሁለቱ የቅርብ ጎረቤታሞች ናቸው። ወደ ጂኦኖሲስ ሲቃረቡ አስቀድመው የሚያዩት በዙሪያዋ የሚዞረውን የቋጥኝ ቀለበት ነው። ቀለበቱን አልፈው ሲወርዱ መሬቱ እንደ ሸክላ የቀላ፥ ነፋስ የበላውና ገደል የበዛበት ሆኖ ይጠብቅዎታል።

በሜዳው ላይ ረዣዥም ሾጣጣ ማማዎች ቆመው ይታያሉ። በቆላ መንገድ የተጓዘ ሰው ከሩቅ ሲያያቸው ምስጥ የሠራው ኩይሳ ይመስሉታል፤ ግምቱም ከእውነቱ ብዙ አይርቅም። የአገሩ ሰዎች፥ ሰዎች ማለት ከተቻለ፥ ነፍሳት መሰል ፍጥረቶች ናቸው። ገላቸው እንደ ቅርፊት የጠጠረ፥ ፊታቸው የረዘመ፥ ብዙዎቹም ባለ ክንፍ ሲሆኑ ቋንቋቸው ጠቅጠቅ የሚል ድምፅ ነው። አኗኗራቸውም የንብ መንጋን ይመስላል። ንግሥቲቱ ከምድር በታች ተሰውራ ትኖራለች፤ ወታደሩ ይዋጋል፤ ሠራተኛው ይሠራል። በአደባባይ የሚታየው ገዢ ግን ታናሹ ፖግል የተባለው መስፍን ነው።

ከላይ ያዩት በረሓ ባዶ መስሎ ከታየዎት፥ አሁን ወደ ኩይሳው ሆድ ይውረዱ። እዚያ የሚጠብቅዎት ከተማ የሚያህል ፋብሪካ ነው። የቀለጠ ብረት እንደ ውሃ ይፈስሳል፤ ግዙፍ መዶሻ ይወርዳል፥ ይነሣል፤ ስለት ይቆርጣል፤ ቀበቶው የተቆረጠውን ተሸክሞ ወደሚቀጥለው ማሽን ያደርሳል። በዚህ ሁሉ መጨረሻ የሚወጣው ማረሻ ወይም ድስት አይደለም፤ ሮቦት ወታደር ነው።

በፊልሙ ውስጥ በዚህ ስፍራ አንድ የሚያስቅ ነገር ይደርሳል። ሲ ስሪ ፒ ኦ የሚባለው ወርቅማ አስተርጓሚ ሮቦት ብዙ ቋንቋ ከማወቁ በቀር ጠብ የማይወድ ፈሪ ነው። ሳያስበው ከማሽኑ ላይ ይወድቅና ራሱ ተቆርጦ በወታደር ገላ ላይ ይገጠማል፤ ከዚያም ሳይወድ በግዱ ተሰልፎ ወደ ጦር ሜዳ ይዘምታል። ተመልካች ይስቃል። ነገር ግን ልብ ላለው ሰው ቀልዱ ቁም ነገር አለው፤ እንዲህ ባለው ፋብሪካ ቀበቶ ላይ የወደቀ ሁሉ፥ አስተርጓሚም ቢሆን፥ ወታደር ሆኖ ይወጣል።

እንግዲህ የሠራዊቱን ዓይነት እንመልከት። ብዙው ቢ 1 የሚባለው ቀጭን ሮቦት ነው፤ ርካሽ ነው፥ ቶሎ ይሠራል፥ ቶሎም ይሰበራል። በ1999 በወጣው ክፍል፥ ናቡ በተባለች ዓለም ላይ የዘመተው የዚህ ሮቦት ሠራዊት ትእዛዝ የሚቀበለው በሰማይ ከቆመች አንዲት መርከብ ነበር፤ መርከቧ ስትፈነዳ ያ ሁሉ ሠራዊት ባለበት ደርቆ ቀረ። ከእርሱ የሚበልጠው ቢ 2 ትከሻው የሰፋ ሲሆን ጠመንጃው ከክንዱ ጋር አብሮ የተሠራ ነው። ደግሞም እንደ ኳስ ተጠቅልሎ የሚንከባለል፥ ሲቆምም በማይታይ ጋሻ የሚከለል ሌላ ዓይነት አለ።

ገዢዎቹስ እነማን ነበሩ? የንግድ ፌዴሬሽን፥ የባንኮች ማኅበርና እነርሱን የመሰሉ ባለጸጎች ናቸው። እነዚህ ከሪፐብሊኩ ለመገንጠል የተስማሙ ሲሆኑ፥ እንግሊዛዊው ተዋናይ ክሪስቶፈር ሊ ሆኖ የሚጫወተው ካውንት ዱኩ ይመራቸዋል። ፖግልም ፋብሪካውን አቀረበላቸው፤ ጦርነቱን ግን ሌላ ሰው አሰበው።

በሌላ ወገን ደግሞ ካሚኖ በተባለች፥ ዝናብ በማያባራባት የባሕር ዓለም ሌላ ሠራዊት ይዘጋጅ ነበር። አንዱ ጦር በደረቅ በረሓ በብረት ሲቀጠቀጥ፥ ሌላው በባሕር መካከል በላቦራቶሪ ይበቅል ነበር ማለት ነው። የካሚኖ ወታደሮች ሁሉ ጃንጎ ፌት ከተባለ ከአንድ ሰው የተባዙ ክሎኖች ናቸው፤ ዕድገታቸው ተፋጥኖ በ10 ዓመት ውስጥ ለጦር ይደርሳሉ። የሪፐብሊኩ ሰው ሲጎበኛቸው 200,000 ተዘጋጅተው፥ 1 ሚሊዮን ደግሞ በመዘጋጀት ላይ ነበሩ። የሁሉም ፊት የኒውዚላንዱ ተዋናይ የቴሙዌራ ሞሪሰን ፊት ነው። የሚያስገርመው፥ ለዚያ ፊልም አንድም እውነተኛ የክሎን ጥሩር አልተሰፋም፤ ያዩት ሠራዊት በሙሉ በኮምፒዩተር የተሣለ ነው።

ሁለቱ የተጋጠሙት በጂኦኖሲስ ነበር። ሦስት የሪፐብሊኩ ሰዎች በአገሩ ተይዘው ሞት ተፈረደባቸውና ለ3 አውሬዎች ሊሰጡ ወደ ታላቁ የትርኢት አደባባይ ወጡ። ጄዳይ የተባሉት ባላባቶች ሊያድኗቸው ደረሱ፤ ሮቦቶቹም ከበቧቸውና ብዙዎቹ በዚያ ወደቁ። በመጨረሻ ሽማግሌው ዮዳ ክሎኖቹን ይዞ ከሰማይ ወረደ። 6 እግር ያላቸው ታንኮች በቀዩ አሸዋ ላይ ተራመዱ፤ አቧራው ሰማዩን ጋረደው፤ ድሉም የሪፐብሊኩ ሆነ። ጃንጎ ፌትም ራሱ በዚያው ቀን ተገደለ፤ በእርሱ አምሳል የተሠራው ሠራዊት ግን ገና መዝመት መጀመሩ ነበር።

ውድ አንባቢ፤ እዚህ ላይ ቆም ብለው ያስቡ። ካውንት ዱኩ ከሽንፈቱ አምልጦ ሲሄድ ፖግል የሰጠውን አንድ የምስጢር ንድፍ ይዞ ነበር፤ የወሰደውም ለጌታው ለዳርዝ ሲድየስ ነው። ይህ ሲድየስ ደግሞ ሌላ ሰው ሳይሆን የሪፐብሊኩ መሪ ፓልፓቲን ነው። በረሓው ላይ የተፋለሙት ሁለት ሠራዊቶች የአንድ ሰው ሁለት እጆች ነበሩ። ሮቦቱ ቢያሸንፍ፥ ክሎኑ ቢያሸንፍ፥ ትርፉ ለእርሱ ነው። ጂኦኖሳውያን የሠሩት ጦር ከማን ጋር እንደሚዋጋ እንጂ ለማን እንደሚዋጋ አላወቁም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለማየት በሥዕል ወደተሠሩት ተከታታይ ፊልሞች መሄድ ያስፈልጋል። «የክሎኖች ጦርነት» በተባለው፥ በ2009 በታዩት ክፍሎች፥ ፖግል ፋብሪካዎቹን እንደገና ስለሠራ ሪፐብሊኩ ሁለተኛ ጊዜ ይዘምትበታል። አሶካ ታኖና ባሪስ ኦፊ የተባሉ ሁለት ወጣት ተማሪዎች ታላቁን የታንክ ፋብሪካ ያፈርሳሉ፤ ፖግልም ይማረካል። በ2005 በወጣው ፊልም ደግሞ ጦርነቱ ሲያበቃ ከሌሎቹ የተገንጣዮች መሪዎች ጋር ይገደላል። ገዳዩ ያው ያገለገለው ጌታ የላከው ሰው ነው።

ፓልፓቲን ንጉሠ ነገሥት ነኝ ብሎ ሪፐብሊኩን ካፈረሰ በኋላ ያ የምስጢር ንድፍ በጂኦኖሲስ ሰማይ ላይ ይሠራ ጀመር። ጂኦኖሳውያን ጉልበታቸውን ሰጡ፤ ብረት ቀጥቅጠው ጨረቃ የሚያህል መሣሪያ አቆሙ። ሥራው ወደ ሌላ ስፍራ ሊዛወር ሲል ግን ምስጢሩ እንዳይወጣ ምን ተደረገ? ሠራተኞቹ በመርዝ ጋዝ ተፈጁ። «ሬብልስ» በተባለው ፊልም በ2016 እንደታየው፥ ወደዚያ የደረሱ መንገደኞች ዓለሟን ባዶ ሆና አገኟት፤ በማማዎቹ ውስጥ የሚበር ክንፍ አልነበረም።

በ2017 በታየው ክፍል ግን ከምድር በታች አንድ ብቻ በሕይወት ተገኘ። ቋንቋውን የሚያውቅ ስላልነበረ አሸዋ ላይ በጣቱ ሥዕል ሣለ፤ በትልቅ ክብ ውስጥ ትንሽ ክብ። መንገደኞቹ እንቁላል ነው አሉ፤ በእርግጥም የሚጠብቀው አንድ እንቁላል ነበረው፤ በውስጡም የመጨረሻዋ ንግሥት ነበረች። ነገር ግን ያ ሥዕል የመሣሪያውም ሥዕል ነበር። ዘሩን ያጠፋውና ዘሩን ሊያተርፍ የሚችለው ነገር በአንድ ዓይነት ምልክት ተጻፉ። መንገደኞቹም እንቁላሉን ሳይነጥቁ ወደ ጥልቁ እንዲመለስ ለቀቁት።

ጂኦኖሲስ ድሀ አገር አልነበረችም። ሙያ ነበራት፥ ማሽን ነበራት፥ ትጉህ ሠራተኛ ነበራት። ያጣችው አንድ ነገር ነው፤ እጇ የሚሠራው ነገር ለምን እንደሚውል የመጠየቅ ልማድ። ጠያቂ የሌለው ሙያ ባለቤቱን የሌላ ሰው ዕቃ ያደርገዋል፤ ዕቃም ሥራው ሲያልቅ ይጣላል። ነገ መሐንዲስ፥ ኬሚስት ወይም የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ የሚሆን ተማሪ ይህን በልቡ ቢይዘው አይጎዳውም።

በ1977 በወጣው በመጀመሪያው ፊልም መጨረሻ ላይ «የሞት ኮከብ» የተባለው ያ ክብ መሣሪያ ሲፈነዳ ሲኒማ ቤቱ በጭብጨባ ይሞላል። እርስዎም ያጨብጭቡ፤ የሚገባ ነው። ብቻ ብርሃኑ በስክሪኑ ላይ ሲበተን፥ ያንን ብረት በቀይ በረሓ ውስጥ የቀጠቀጡትን፥ ደመወዛቸውም መርዝ የሆነባቸውን ሠራተኞች ለአንድ አፍታ ያስቧቸው።